ለቤታችን ማሞቂያ ስንመርጥ

አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ እኛ ዶርዜ ግን ደጋ ስለሆነ ማታ ብርዱ አያስጠናም። እስካሁን ቤት የምናሞቀው በከሰል ነበር። ከሰል ደግሞ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። በር ዘግተው ከተኙበት ይገድላል። ስለዚህ አባቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንግዛ አለ።

ሻጩ ውዱን አንስቶ "ይሄ የበለጠ ያሞቃል" አለን። እኔ ጀርባውን ገልብጬ ሳይ ውዱም ርካሹም 1000 ዋት ናቸው! ዋታቸው እኩል ከሆነ ሙቀታቸውም፣ ቆጣሪው ላይ የሚያስቆጥሩትም እኩል ነው። በ1 ሰዓት 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። በየቀኑ ለ2 ሰዓት ብናበራው በ30 ቀን 60 ይሆናል። በዛብን፤ ስናጠና ለ1 ሰዓት ብቻ ተባለ።

ርካሹን ገዛን። በተረፈው ብር ወፍራም ገመድና ደህና ሶኬት ተገጠመ፤ ቀጭን ማከፋፈያ እኮ ግሎ ይቀልጣል።

የአያቴ ቤት ግን የቀርከሃ ስለሆነ፣ እሳት ፈርተን እዚያ አላስገባንም። ቡልኮዋን ለብሳ እኛ ጋ ትሞቅና "የኔ ላሞች ይሻላሉ" ብላ ትመለሳለች።