ከተኩስ መስመሩ ጀርባ

ተመልካቹ የሚያየው የተኳሹን ዐይን ነው። ከመስመሩ ጀርባ የምንቆመው ግን መጀመሪያ የምናየው እግሩን ነው። እስቲ ጠጋ በሉ፣ ምክንያቱን በጆሯችሁ ልንገራችሁ።

በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር መሃለኛዋ የአስር ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ጠመንጃን በክንድ ጉልበት እሷ ላይ ማቆየት አይሞከርም፤ ጡንቻ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል። ክብደቱን አጥንት መሸከም አለበት። የግራ ክርን ዳሌ ላይ ያርፋል፣ ወገብ ትንሽ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ሸክሙ በእግር በኩል መሬት ይገባል። ተኳሹን እንደ እንጨት ገትሮ የሚያስኬደው ወፍራም ጃኬትና ሱሪም ለዚሁ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ነገር እዚህ ላይ አለ። አነጣጥራችሁ ስትጨርሱ፣ ጣታችሁ ከምላጩ እንደራቀ፣ ዐይናችሁን ጨፍኑ። ሁለት ሦስቴ ተንፍሱ፣ ትከሻችሁን ልቀቁ፣ ከዚያ ግለጡ። አፈሙዙ ወደ ጎን ሸሽቶ ካገኛችሁት በእጃችሁ እንዳትመልሱት! በእጅ የተመለሰ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ ወደለመደው ቦታ ይሄዳል። እግራችሁን በጣት ስፋት አንቀሳቅሱና መላ ሰውነታችሁ ይዙር። ከዚያ እንደገና ጨፍኑ። ማነጣጠሪያው ተበላሽቷል እያለ ብሎን ሲያዞር የሚውል ስንት ልጅ አለ፤ ጥፋቱ ግን የአቋቋሙ ነው።

ትንፋሽ ግማሹ ወጥቶ ይያዛል። ሰከንዶቹ ረዝመው ዐይን መፍዘዝ ከጀመረ ጠመንጃውን አውርዶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የልብ ምት እንኳ ይቆጠራል፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሰሜን ኮሪያዊው ኪም ጆንግ ሱ ሁለት ሜዳሊያ የተነጠቀው ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት ስለተገኘበት ነው።

የጣትን ነገር ደግሞ አሜሪካዊው ማት ኤመንስ ያስረዳል። በዚያው ኦሊምፒክ፣ በ50 ሜትር የሦስት አቋቋም ፍጻሜ፣ በ3.3 ነጥብ እየመራ የመጨረሻው ጥይት ላይ ደረሰ። ጠመንጃውን ወደ ኢላማው ሲያወርድ ጣቱ ምላጩን ቀድሞ ነካው። 4.4 አስመዘገበና አራተኛ ወጣ። ያን ያህል የሠለጠነ ጣት ይህን ካደረገ፣ ልምምዱ የት ላይ መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው።

ስለዚህ ጎበዞቹ የልምምዳቸውን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ያለ ጥይት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ፣ ሰው የማያልፍበት ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ ምላጩን ቀስ አድርጋችሁ ጭመቁ። ቀጭ ሲል ዐይናችሁ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ይሁን፤ ማነጣጠሪያው ከተነቃነቀ ጣታችሁ ገና ነው።