ድምፅ በቆላ ይፈጥናል

በአገራችን እንደ ስቴምፓወርና አይኮግ ላብስ ያሉ ተቋማት የሮቦቲክስን ትምህርት ለተማሪዎች ለማዳረስ ሲጥሩ ቆይተዋል። ትምህርቱ ነገሌ ቦረና ሲደርስ ግን ሮቦቱ ምን ይሥራ? በጥቁር መስመር ላይ የምትሄድ ትንሽ መኪና ታስደስታለች፤ እኛ ግን የትምህርት ቤቱን የውኃ ሮቶ እንመርጣለን። ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ምድር የውኃን ልክ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሮቶው ክዳን ሥር የሚገጠም መለኪያ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይልካል። የአርዱይኖ ሰሌዳ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት ያባዛና ለሁለት ያካፍላል፤ ውኃው ሲጎድል ፓምፑን ያስነሣል። በፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ነው፤ ይህም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ትክክል ነው። ከነገሌ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ አዶ ተወርዶ አየሩ 35 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ፍጥነቱ 352 ገደማ ይደርሳል። መሣሪያው 1 ሜትር ባዶ ቦታን 97 ሴንቲሜትር ብሎ ያነባል፤ የሌለ ውኃ አለ ይላል ማለት ነው! በፀሐይ የጋለ ጥቁር ሮቶማ ከዚህም ይብሳል።

መፍትሔው የሙቀት መለኪያ አክሎ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.6 ሜትር በሴኮንድ መደመር ነው። ተማሪው በማለዳና በቀትር ለክቶ ልዩነቱን በዓይኑ ሊያየው ይችላል።