ትንፋሽ ጠባቂው ሐኪም
ከሰነቴ አናት እስከ አዲስ አበባ፦ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ምን ይሠራል? ከቤተሰብስ ምን ይጠበቃል?



እስቲ አንድ ሌሊት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ደሎ መና ውስጥ አንዲት የስድሳ ዓመት እናት ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስላቸው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብለው ቆዩ። በአራተኛው ሌሊት ግን ትንፋሻቸው አጠረ፤ ከንፈራቸውም ጠቆረ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ዱዓ ተደረገ፤ መኪና ተፈለገ። ጉዞው ወደ ጎባ ነው። መንገዱ የሐረናን ደን አቋርጦ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ሲሆን፣ የአምባው አናት ግን 4,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ የሚገኘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። እንግዲህ አስተውሉ! አየር ያጠራቸው እናት ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ አየሩ ይበልጥ የሳሳበትን ተራራ ማለፍ ግድ ሆነባቸው።

አልሐምዱሊላህ፣ ጎባ ደረሱ እንበል። ሐኪሙ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ መድኃኒት አስጀምሮ ገና ላቡን ሳይጠርግ ታላቅ ልጃቸው ቀረበው።

«ዶክተር፣ ገንዘብ አናጣም። አሁኑኑ አዲስ አበባ እንውሰዳቸው።»

«ወንድሜ፣ አዲስ አበባ አይሸሽም። እናታችንን ግን መንገድ ላይ እንዳናጣቸው እፈራለሁ። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይርጋ።»

ይህ ሌሊት ለማስረዳት ያህል ያሰብነው ነው። ነገር ግን በባሌ ከፍታዎች የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንነጋገረውም ስለዚያ ሐኪም ሥራና ስለሚሠራበት ቤት ነው።

ሙያው እንዴት ተጀመረ?

በጠና የታመመን ሰው ትንፋሽ የመታደግ ሐሳብ የቆየ ነው። ታላቁ ሙስሊም ሐኪም ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፉት) ስለ ሕክምና በጻፉት ታዋቂ መጽሐፍ፣ ለታፈነ ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት እንደሚቻል ጠቁመዋል።

ዛሬ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» የምንለው ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ነው። በዚያ ዓመት የፖሊዮ ወረርሽኝ የብዙ ሕፃናትን የመተንፈሻ ጡንቻ ሽባ አደረገ። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጅን ጉሮሮ አስከፍቶ፣ ቱቦ አስገብቶ፣ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ይሰጣት ጀመር። ልጅቷ ከሞት ተረፈች። ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹ ሕሙማን ከረጢቱን ሌት ተቀን እየተፈራረቁ የጨመቁት የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት የሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ወጣቶች ሆይ! ይህችን ነጥብ ያዟት።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ሙያው ወጣት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊስት ትምህርት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠናም እዚያው በ2005 ዓ.ም. ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው የማያውቃቸው እነዚህ ባለሙያዎች ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ስምና ኦክስጅን የሚለው ቃል በየቤቱ የተለመዱት ያኔ ነው።

በባሌ ደግሞ የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ የተቋቋመው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ሁለት ሥራ አለው፤ ሕመምተኛን ያክማል፣ ነገ የሚያክመውንም ያሠለጥናል። ጠዋት አልጋ በአልጋ ሲዞር ተማሪዎች የሚከተሉት ለዚህ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ «በእናታችን ላይ ይማሩባቸዋል» ብሎ ቅር ይለዋል። ነገር ግን ብዙ ዓይን ያየው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

«የት ነው የሚሠራው?»

ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ጎበዝ ሐኪም ማን ነው?» ብለን ነው። ለጽኑ ሕመም ግን ጥያቄው አይበቃም። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ብቻውን በአንድ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በጠና የታመመን ሰው ሊታደግ አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ የምትከታተል ነርስ፣ ሰመመን ሰጪ፣ ላቦራቶሪ፣ ደም፣ የማይቋረጥ መብራትና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። ስለዚህ «ዶክተር፣ ሕመምተኛችን ቢጠናበት የሚያስተኙት የትኛው ሆስፒታል ነው? ሌሊትስ ማን ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ያየን ሐኪም ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ በጭንቅ ሰዓት ከመንከራተት ያድናል።

የአገራችን የጤና አገልግሎት ደረጃ አለው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይኬዳል። አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል እስከ አምስት ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። አልጋው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። አስቀድሞ ሳይደወል አዲስ አበባ የገባ ሕመምተኛ በር ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመንገዱ ሒሳብ

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ዲንሾን አልፎ በአዳባና በዶዶላ በኩል ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። እናታችን በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል እንበል። በሰዓት 300 ሊትር ማለት ነው። መንገዱ ሰባት ሰዓት ቢፈጅ 2,100 ሊትር ይፈልጋል። በአምቡላንስ ውስጥ የሚያዘው ትንሽ ሲሊንደር ግን 340 ሊትር ብቻ የሚይዝ ከሆነ በ68 ደቂቃ ያልቃል። ሻሸመኔ እንኳ አይደረስም!

ሐኪሙ «ይርጋ» ያለው ይህን አስልቶ ነው። የደም ግፊቱ ሳይስተካከል፣ ትንፋሹ ሳይደገፍ በሚኒባስ ጭኖ መሮጥ ፍቅር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጸጸት ሊሆን ይችላል። መሄድ የግድ ከሆነ አራት ነገር ይሟላ፦ የሪፈር ወረቀት፣ ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው በስልክ ማረጋገጫ፣ ለመንገዱ የሚበቃ ኦክስጅን ከነመጠባበቂያው፣ አብሮ የሚሄድ ባለሙያ።

አስታማሚ ምን ያድርግ?

የታመመን መጠየቅ ሱንና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ መግባት ሕመምተኛውን ይጎዳል። በተራ ግቡ፤ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ። ሌላው በውጭ ሆኖ ዱዓ ያድርግ፣ ደም ይለግስ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ይመግብ፤ ይህም ዚያራ ነው።

አንድ ከባድ ስሕተት አለ። ራሱን ለሳተ ሰው ዘምዘም፣ ማር ወይም አጥሚት በአፉ ማፍሰስ! ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መዋጥ ለማይችል ሰው ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ ሕመም ያመጣል። ነርሷን ጠይቁ፤ ከፈቀደች በእርጥብ ጥጥ ከንፈሩን ማራስ ይቻላል። ዝግ ባለ ድምፅ ቁርኣን መቅራት፣ በስሙ ጠርቶ ማናገርም መልካም ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ አይሰማም ማለት አይደለምና።

ከቤተሰቡ መካከል ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ። ሐኪሙ ለአሥር ወንድማማች አሥር ጊዜ ሲያስረዳ የሚባክነው ሰዓት የሕመምተኛው ነው። አንዳንዴም ሐኪሙ «የቻልነውን አድርገናል» የሚልበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ በቁጣ ፈንታ ጠይቁ፤ መሣሪያው ምን እየጠቀመ እንደሆነ፣ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ይንገራችሁ። ከዚያ የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ። ሰበብ ማድረስ የእኛ፣ ሽፋው የአላህ ነው።

ለወጣቶች

ሮቤና ጎባ፣ ጊኒርና ደሎ መና የምትማሩ እህትና ወንድሞች! በኮፐንሃገን ከረጢቱን የጨመቁት እናንተን የሚያካክሉ ተማሪዎች ነበሩ። ለዚህ ክፍል ሐኪም ብቻ አይበቃም። ነርስ፣ ሰመመን ሰጪ፣ የኦክስጅን መሣሪያ ጠጋኝ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። በሌሊት ከሰነቴ የምትወርደውን እናት የሚቀበላት፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ፣ «አይዞሽ አዴ» የሚላት የአገሯ ልጅ ቢሆን ምንኛ ያማረ ነው!

እናንተም ወላጆች፣ ሳል ሦስት ቀን አልፎ ትንፋሽ ሲያጥር ሌሊቱን አትጠብቁ። በጠዋት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሰነቴን መንገድ በጨለማ አይወጣም።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ የሚያክሙትንም ያበርታልን። አሚን።