ገበጣ በፓይተን

ገበጣ አጨዋወቱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ባለሁለት ረድፍም ባለሦስት ረድፍም አለ። እዚህ ባለሁለቱ ይበቃል፦ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ይህን መጫወቻ በኮድ ለመግለጽ የተነሳ ጀማሪ አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መስመር ሊደረድር ይችላል፤ ግን የትኛው ጉድጓድ በማን ወገን እንዳለ በየጊዜው መቁጠር ይኖርበታል። ፓይተን ለዚህ ሊስት ውስጥ ሊስት ማስቀመጥን ይፈቅዳል።

ገበጣ = [[4, 4, 4, 4, 4, 4], [4, 4, 4, 4, 4, 4]]

የውጪው ቅንፍ መጫወቻው ነው፤ የውስጦቹ ሁለት ቅንፎች ረድፎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል፣ ይህ መስመር እንዳለ ቢገለበጥ ይሠራል።

ፓይተን የሚቆጥረው ከ0 ነው። ስለዚህ ገበጣ[1] ሲባል ሁለተኛው ረድፍ ሙሉውን ይመጣል፤ ገበጣ[1][2] ሲባል ደግሞ ከዚያ ረድፍ ሦስተኛው ጉድጓድ። የቅንፎቹ መደራረብ ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል፤ አንድ የተለየ ምልክት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሁለት ተራ እርምጃዎች ናቸው። መጀመሪያ ረድፍ = ገበጣ[1] ብሎ፣ ቀጥሎ ረድፍ[2] ብሎ መጠየቅ ያንኑ መልስ ይሰጣል።

አሥራ ሁለት ጊዜ 4 መጻፍ የታከተው ሰው አንድ አቋራጭ ያገኛል፦

ገበጣ = [[4] * 6] * 2

ውጤቱ ሲታይ ከላይኛው አይለይም። ጨዋታው ተጀመረ፤ ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ የሦስተኛውን ጉድጓድ ጠጠሮች አነሳ፦ ገበጣ[0][2] = 0። አሁን ገበጣው ይህን ይመስላል፦

[[4, 4, 0, 4, 4, 4], [4, 4, 0, 4, 4, 4]]

የባላጋራውም ጉድጓድ ባዶ ሆነ! ማንም ያልነካቸው አራት ጠጠሮች ጠፉ። ጀማሪው ኮዱን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ ያነባል፤ ሁለተኛውን ረድፍ የሚነካ አንድም መስመር አያገኝም። ስለሌለ ነው።

የውጪው ሊስት ረድፎቹን ራሳቸውን አይዝም፤ የሚይዘው አድራሻቸውን ነው። በተለመደው ፓይተን፣ ባለ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ አድራሻ 8 ባይት ነው፤ ረድፉ ስድስት ጉድጓድ ይኑረው ስድስት ሺህ፣ ያው 8 ባይት። ከላይ * 2 ሲባልም ፓይተን ያንኑ አድራሻ ሁለት ጊዜ መዘገበ እንጂ ሁለተኛ ረድፍ አልሠራም። በፊት በርም በጓሮ በርም ቢገባ የሚገኘው ያው አንድ ቤት እንደሆነ ሁሉ፣ ገበጣ[0] እና ገበጣ[1] የሚያደርሱት ወደ አንድ ረድፍ ነው። ለማረጋገጥ በሁለቱ መካከል ኢዝ የሚለውን የፓይተን ቃል አስገብቶ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱ ትሩ ይሆናል።

ታዲያ [4] * 6 ለምን ችግር አላመጣም? ይህን የሚጠይቅ ጀማሪ ወደ ነገሩ ሥር ደርሷል። እዚያም ስድስቱ ቦታዎች የሚያመለክቱት አንዱን 4 ነው። ልዩነቱ ቁጥር ከውስጡ የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ 0 ሲገባ በዚያ ቦታ ያለው አድራሻ በሌላ ይተካል፣ ሌሎቹ አምስቱ እንደነበሩ ይቀራሉ። ሊስት ግን ከውስጡ ይለወጣል።

መፍትሔው ረድፎቹን ለየብቻ መሥራት ነው፦

ገበጣ = [[4] * 6, [4] * 6]

ያው ጣጣ በመገልበጥ ጊዜ ይመለሳል። ጠጠር ከማንሳቱ በፊት አካሄዱን መሞከር የፈለገ ተጫዋች ሙከራ = ገበጣ[:] ቢል፣ አዲስ የሚሆነው የውጪው ሊስት ብቻ ነው፤ ረድፎቹ የቀድሞዎቹ ናቸው። ሙከራ[1][0] = 0 ሲል ዋናው ገበጣም ላይ ጉድጓዱ ይራቆታል። ኮፒ በተባለው ሞጁል ውስጥ ያለው ዲፕኮፒ ግን ወደ ውስጥ ወርዶ እያንዳንዱን ረድፍ እንደ አዲስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በሙከራው ላይ አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ባዶ ቢደረጉ፣ በዋናው ላይ 48ቱ ጠጠሮች ከቦታቸው አይነቃነቁም።