ሚዛኑና ጡጦው፦ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒኮች አጀማመር

በ1899 በእንግሊዝና በዌልስ ከተወለደ ከእያንዳንዱ 1000 ሕፃን 163ቱ የመጀመሪያ ልደቱን ሳያይ ሞቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ በሞቃት ወራት የሚበረታው ተቅማጥ ነበር። በ1910 ወደ 105 ዝቅ ብሎ የነበረው አኃዝ እጅግ ሞቃት በነበረው በ1911 ወደ 130 አሻቅቦ፣ በ1912 እንደገና ወደ 95 ወርዷል።

ለዚህ ሞት ዋናው ምክንያት ሙቀቱ በራሱ አልነበረም። በሙቀት ውስጥ ግን በወተት ያሉ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ። በዚያን ጊዜ ረጅም የጎማ ቱቦ የተገጠመለት ጡጦ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ ብቻውን ይጠባል፤ ሥራ ለሚበዛባት እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የቱቦውን ውስጥ በብሩሽ ማጽዳት ስለማይቻል፣ ተጣብቆ የሚቀረው ወተት የጀርም መራቢያ ይሆናል። ፈረንሳይ ይህን ጡጦ በሕግ የከለከለችው በ1910 ነው።

መፍትሔውም ቀድሞ የተጀመረው በዚያችው አገር ነው። ሐኪሙ ፒየር ቡዳን በ1892 በፓሪሱ ሻሪቴ ሆስፒታል የወለዱ እናቶች ልጆቻቸውን በየሳምንቱ እያመጡ እንዲያስመዝኑና እንዲያስመረምሩ አደረገ። የጡት ወተትን አጥብቆ ይመክር ነበር፤ በቂ ወተት ለሌላት እናት ብቻ በሙቀት ከጀርም የጸዳ የላም ወተት ይሰጣታል። በ1894 ደግሞ ሊዮን ዱፉር በፌካን ከተማ «የወተት ጠብታ» የተሰኘ ድርጅት አቋቋመ። እናቲቱ የቀኑን ምግብ በልክ በልክ በተሞሉ ጠርሙሶች፣ በቅርጫት ተቀብላ ትሄዳለች፤ በማግስቱ ባዶዎቹን ትመልሳለች። እንግሊዝም በ1899 በሴንት ሄለንስ ተከተለች።

ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጠቀመ? ወተት ማደሉ ውድ ከመሆኑም በላይ እናቶችን ከማጥባት ያዘናጋል የሚል ነቀፋ ገጥሞታል። በእኛ አስተያየት ዘላቂው ግኝት ሚዛኑ ነው። ጤናማ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ይጨምራል፤ ጭማሪው ሲቆም ዓይን ገና ያላየውን ችግር ሚዛኑ ያሳብቃል። ዛሬ በአገራችን ጤና ኬላዎች ሕፃናት የሚመዘኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። እርግጥ የሞቱ መቀነስ የክሊኒኮቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የውኃና የመንገድ ንጽሕናም ድርሻ አላቸው።

በዘመኑ የነበሩ ብዙ ባለሥልጣናት የሕፃናቱን ሞት የእናቶች አለማወቅ ያመጣው አድርገው ይናገሩ ነበር። ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አይመስለንም፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት «ጡጦውን ቀቅይ» ማለት ብቻውን ምን ይፈይዳል? በ1907 በለንደን ሴንት ፓንክራስ የተከፈተው የእናቶች ትምህርት ቤት ይህን የተረዳ ይመስላል። ሕፃናቱን ከመመዘንና እናቶችን ከማስተማር ጋር፣ ለሚያጠቡ እናቶች በርካሽ ዋጋ ምሳ ያቀርብ ነበር። በ1918 የወጣው የእናቶችና የሕፃናት ደኅንነት ሕግም የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲህ ያለውን አገልግሎት በሕዝብ ገንዘብ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም።