ጋቢና የምትቀመጡ እናቶች፣ ቀይዋን መብራት አይታችኋታል?

ልጅ ታቅፋችሁ ሚኒባስ ስትሳፈሩ ረዳቱ «እናት፣ አንቺ ጋቢና ግቢ» ብሎ ከሹፌሩ ጎን ያስቀመጣችሁ ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከበሬታ ነውና ደስ ይላል። ለመሆኑ እዚያ ስትቀመጡ ከመሪው ጀርባ ከሚታዩት ትናንሽ መብራቶች አንዲቱ ቀይ ሆና ስትበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁስ ጠይቃችኋል? እኔ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አልጠየቅሁም ነበር።

በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ለሥራ ከጎንደር ወደ ዛሪማ እጓዝ ነበር። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱም የደጋ ነው። ከደባርቅ ታልፎ ሊማሊሞ ሲጀመር ግን ምድሩ ከእግር ሥር የከዳ ይመስላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለጠ ያወጣው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘና እየታጠፈ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዛሪማ ያለችው ከዚያ ቁልቁለት በታች ነው። ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል።

ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ጋር ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ነበረች። ደባርቅ ላይ ሻይ ጠጥተን እንደገና ስንሳፈር ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠፉ። በክብ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ግን አልጠፋችም።

«ወንድሜ፣ ይህቺ ቀይዋ ምንድን ናት?» አለችው እናቲቱ።

«የእጅ ፍሬን ናት። ከጎንደር ጀምራ እየበራች ነው የመጣችው። ልማዷ ነው እህቴ፣ አትስጊ።»

«የእጅ ፍሬኑን አውርደኸው የለም እንዴ?»

ሹፌሩ መልስ አልሰጠም። ከኋላ «እንሂድ እንጂ፣ መሸ!» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እኔም ከሚያጉረመርሙት ወገን ነበርኩ። እሷ ግን ልጇን አዝላ ወረደች። «ቀይዋ ሳትጠፋ ልጄን ይዤ ሊማሊሞን አልወርድም። ሂዱ እናንተ» አለች።

ረዳቱ እየተነጫነጨ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን የተመለከተው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። መካኒክ ተጠራ፤ በአንዱ የኋላ ጎማ በኩል ዘይቱ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ሹፌሩ እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ «ጠፍታለች እህቴ፤ አሁን ግቢ» ብሎ በሩን ራሱ ከፈተላት።

ሹፌሩን ያሳሳተው ነገር ብዙ ሹፌሮችን ያሳስታል። ያቺ ቀይ መብራት በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ሁለት ሥራ ትሠራለች። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ትበራለች፤ የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ያችው ራሷ ትበራለች። የመጀመሪያውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ መብራቷ ካልጠፋች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍሬን የሚሠራው እግር የረገጠውን ኃይል ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ ስለሚያደርስ ነው፤ ዘይቱ ጎድሎ አየር ሲገባበት ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንደ ሊማሊሞ ባለ ረጅም ቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑን ያለማቋረጥ መርገጥ ዘይቱን እስከማፍላት ያደርሳል። ዐዋቂ ሹፌር በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት የሚወርደው ስለዚህ ነው።

አምራቾቹም ቢሆኑ ይህችን መብራት እንደ ቀላል ነገር አያዩዋትም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 450 ሺህ የሚጠጉ ትላልቅ መኪኖቹን ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ የፍሬን ዘይት ሲጎድል መብራቷ ላትበራ ትችላለች የሚል ነበር። ፍሬኑ ራሱ ተበላሽቷል አልተባለም፤ ነጋሪዋ ዝም ልትል ትችላለች ነው የተባለው። ቀደም ብሎ በጥር 2016 ዓ.ም. ቴስላ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች አሜሪካ ውስጥ 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪኖቹን እንዲያስተካክል ተደርጓል። የእሱ ጥፋት ደግሞ የፍሬን ማስጠንቀቂያዎቹ ፊደላት ሕጉ ካዘዘው መጠን አንሰው መገኘታቸው ነበር። በፊደል ማነስ ብቻ! አደጋ ደርሷል ስለተባለም አይደለም። አንባቢ ሊነበብ የማይችል ማስጠንቀቂያ እንደሌለ ስለሚቆጠር ነው።

በእነዚህ አገሮች እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ ለባለንብረቱ ደብዳቤ ይላክለታል፤ ጥገናውም በነፃ ይደረግለታል። ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። በከተሞቻችን ከሚሽከረከሩት መኪኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር ከተነዱ በኋላ የመጡ ናቸው። ቪትዟ ጃፓን ሳለች በሌላ ሰው ስም ነበረች፤ ደብዳቤ ቢላክም የሚላከው ለዚያ ሰው ነው። መኪናዋ ባሕር ተሻግራ፣ ምናልባትም በዱባይ በኩል ዞራ፣ ቦሌ ወይም ፒያሳ ስትደርስ ደብዳቤው አይከተላትም።

ማስጠንቀቂያ ስለ አለመድረሱ ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስታውሰው ሐዘን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑን ወደ ታች የደፈቀው አንድ የተሳሳተ መለኪያን አምኖ የሚሠራ ስልት ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን ሌላም ነገር ተገለጠ፤ ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪዎች መንገር የነበረበት ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ተጨማሪ ዕቃ የገዙ አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ የሚያገኙት። ቦይንግ ይህን ያወቀው በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደነበር በራሱ መግለጫ አምኗል። አደጋውን ያመጣው የመብራቱ መጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ያም ሆኖ እኔ ወደ ዛሪማ ስጓዝ ይህ መግለጫ ከወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር፤ በራዲዮ ሰምቼው እያዘንኩ፣ ፊቴ ያለችውን ቀይ መብራት ግን አላየኋትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መኪና ያላችሁ እህቶች ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ሞክሩ። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ መብራቶቹን ተመልከቱ። የፍሬኗ፣ የኤርባጓና የሞተሯ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፤ ራሳቸውን መፈተናቸው ነው። ጨርሶ ያልበራች ካለች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይም ሻጩ ብልሽቱን ለመሸፈን ነቅሏታል፤ ጥቁር ፕላስተር የተለጠፈባትም አይቻለሁ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ይህን እዩ። ሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሻንሲ ቁጥርም ጻፉና ያዙ። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርታ ከሆነ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ያልተፈጸመ ጥሪ ካለ ያሳያል። ለጃፓን የተሠሩት ቁጥራቸው አጭር ነው፤ የእነዚያን የሚያሳየው የአምራቾቹ የጃፓንኛ ገጽ ነው። የቦሎ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዘይት ግን በማንኛውም ቀን ይንጠባጠባል።

መኪና የሌለን ደግሞ ዓይንና አፍ አለን። ስለ ጋቢናም አንድ ነገር ላንሣ፤ ከበሬታውን ላለመቀበል ባይመችም፣ ኤርባግ ባለበት መኪና ልጅ ታቅፎ ፊት መቀመጥ አደገኛ ነው። ለአዋቂ የተሠራው አየር ከረጢት ሲፈነዳ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። ኋላ ተቀመጡ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ማስጠንቀቂያቸው የሚጻፈው በቻይንኛ ነው። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ያለች መኪና ገዝታለች። በስክሪኑ ላይ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በስልኳ ፎቶ እያነሣች ቋንቋውን ለሚያውቅ የሥራ ባልደረባዋ ትልካለች። እስካሁን አራቱን ለይታለች፤ አንደኛው የጎማ አየር ማነስ ነው፣ ሌላው በር አለመዘጋት ነው። ባለፈው ማክሰኞ የወጣችውን ቢጫ ጽሑፍ ትርጉም ግን ገና አላገኘችም፤ እስክታገኝ ድረስ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በታክሲ ነው።