ስለ ሱድ ረግረግ ጥቅምና ስለሚደርስበት ጉዳት

በጁባ ከተማ፣ በኒምራ ታላታና በሌሎቹም ሰፈሮች፣ ዝናም በዘነመ ጊዜ ጎርፉ የፕላስቲክ ጠርሙሱንና ጥራጊውን በየፈፋው ወደ ነጭ ዓባይ ያወርደዋል። ባለቤቱም ከዓይኑ ስለ ራቀለት የጠፋ ይመስለዋል። ወንዙ ግን ወደ ሰሜን ወርዶ ከቦር በታች በሜዳው ላይ ይተኛል፤ በጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ወደ ሞላበትም ታላቅ ረግረግ ይገባል። በዚያም ፍጥነቱ ስለሚበርድ የተሸከመውን ያራግፋል። ስሙ ሱድ ነው፤ በዓረብኛ ማገጃ ማለት ነው።

ወደዚህ ረግረግ ከሚገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ ተንኖ ስለሚቀር፣ መሐንዲሶች የባከነ ውሃ ሲሉት ኖረዋል። ከዚህም የተነሣ ሱዳንና ግብፅ ውሃው ረግረጉን ትቶ እንዲያልፍ፣ 360 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የጆንግሌ ቦይ በ1978 እ.ኤ.አ. ማስቆፈር ጀመሩ። 260 ኪሎ ሜትር ያህል ከተቈፈረ በኋላ በጦርነቱ ምክንያት በ1984 ሥራው ቆመ።

የከብት አርቢው ሒሳብ ግን ከመሐንዲሱ ሒሳብ የተለየ ነው። ዲንካውና ኑዌሩ በዝናም ወራት ከብቱን ወደ ከፍታው ያወጣል፤ በበጋ የከፍታው ሣር ሲደርቅ ውሃው ወደ ሸሸበት፣ ቶይች ወደሚባለው ለምለም መስክ ይወርዳል። ይህ ሣር የሚበቅለው ውሃው በየዓመቱ ሞልቶ ስለሚተኛና ተመልሶ ስለሚሸሽ ነው። እንግዲህ ባከነ የተባለው ውሃ ወተትና ሥጋ፣ ዓሣም ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ቦዩ ቢፈጸም ኖሮ ይህ መስክ በጠበበ ነበር፤ ሳይፈጸም የቀረው ጉድጓድ እንኳ የከብቱንና የዱር አራዊቱን መንገድ ቈርጧል።

በ2019 የጀመረው ታላቅ ጎርፍ በጆንግሌና በዩኒቲ ግዛቶች ብዙ ሕዝብ ስላፈናቀለ፣ በ2022 ቦዩ ይፈጸም የሚል አሳብ እንደ ገና ተነሥቶ ብዙ አከራከረ። ቤቱ በውሃ የተዋጠበት ሰው ረግረጉ ይድረቅ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጎርፉን የሚያበዛው በላይኛው አገር፣ በእነ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የሚዘንመው ዝናም ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ከፍ ባለ ጊዜም ረግረጉ እጅግ ሰፍቶ ነበር።

ከቦዩ ይልቅ ብዙም ሳይነገርለት የሚሠራው ጉዳት ቆሻሻው ነው። ደንገል የፍሳሹን ጭቃ ያሰፍራል፤ ከበሰበሰው ነገርም ምግቡን ያገኛል። ፕላስቲክን ግን ሊያበሰብሰው አይችልም። በዩኒቲ ግዛት የነዳጅ ጕድጓዶች አካባቢ የሚጠራቀመውን ጨዋማና ዘይታም ውሃ ጎርፍ ጠርጎ በመስኩ ላይ ሲያፈሰውም፣ ከብቱ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።